የወንዝ ዳሩ ዋናተኛ ቴኦፊሎ ኢልዴፎንሶ
በደረት ዋና ያገኘው ክብርና በጦር ምርኮ ያገኘው ሞት

ከሆሳዕና ብዙ በማይርቀው በሞርሲቶ ከተማ አካባቢ፣ ክረምቱ አልፎ ደፍራሹ ውኃ መጥራት በጀመረበት ሰሞን፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ልብሳቸውን ከድንጋይ ላይ አኑረው ወደ ወንዝ ሲወርዱ ተመልክተናል። ከነዚያ ልጆች አንዱ ደረቱን በውኃው ላይ አስተኝቶ፣ ሁለት እጆቹን ባንድነት ወደ ፊት እየዘረጋና ወደ ጎን እየከፈለ፣ እግሮቹንም እንደ እንቁራሪት እየሰበሰበና እያፈናጠረ ከዳር እዳር ሲሻገር አየነው፤ ዋናን ያስተማረው ማን እንደ ሆነም ጠየቅነው። ልጁ ማንም እንዳላስተማረው፣ ታላቅ ወንድሙ ሲዋኝ አይቶ እንደ ለመደ ነገረን። ይህን ስንሰማ አንድ ሰው ትዝ አለን።

ያ ሰው፣ እንደዚሁ ልጅ በገጠር ወንዝ ውስጥ ያለ አስተማሪ ዋናን ለምዶ፣ በኦሊምፒክ ጨዋታ ሁለት ጊዜ የተሸለመው ፊሊፒናዊው ወታደር ቴኦፊሎ ኢልዴፎንሶ ነው። ከሞተ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአገሩ ስሙ የታወቀ ቢሆንም በኛ አገር ብዙ ሲነገርለት አልሰማንም። ስለዚህ ዛሬ እሑድን ምክንያት አድርገን የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የትውልድ አገሩና ወንዙ

ፊሊፒን በእስያ ምሥራቅ በባሕር መካከል የተበተኑ እጅግ ብዙ ደሴቶች ያሉባት አገር ናት። ከ300 ዓመት በላይ በእስፓኞች ስትገዛ ኖራ፣ በ1898 ዓ.ም. ከእስፓኞች እጅ ወጥታ በአሜሪካኖች እጅ ገባች፤ ነፃነቷንም ያገኘችው በ1946 ዓ.ም. ነው። ኢልዴፎንሶ የተወለደው አሜሪካኖች አገሪቱን በያዙ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው። የትውልድ ስፍራው በሉዞን ደሴት ሰሜን፣ በኢሎኮስ ኖርቴ አውራጃ የምትገኘው ፒዲግ የምትባል ትንሽ የገበሬዎች ከተማ ናት።

በፒዲግ አጠገብ ጊሲት የሚባል ወንዝ ይወርዳል። ልጁ ቴኦፊሎ ዋናን የተማረው በዚሁ ወንዝ ውስጥ ነበር። በድንጋይ የታነጸ ገንዳ፣ ሰዓት ይዞ በዳር የሚቆም አሠልጣኝ፣ የዋና ሕግ የተጻፈበት መጽሐፍ አላየም። የወንዝ ውኃ ግን የራሱ ትምህርት አለው። የሚፈስ ውኃ ሰውን ይገፋል፤ ከገፊው ጋር የሚታገል ቶሎ ይደክማል፤ ጉልበቱን ቆጥቦ፣ ትንፋሹን ለክቶ፣ ፊቱን ከውኃው በላይ አድርጎ የሚሄድ ግን ከማዶ ይደርሳል። ሰውዬው በኋላ በታላላቅ ገንዳዎች ያሳየው የዋና ስልት ከዚህ ትምህርት እንዳልራቀ ታሪኩን የሚከተል ሁሉ ይረዳዋል።

ወታደርነቱ

ኢልዴፎንሶ ለዐቅመ አዳም በደረሰ ጊዜ ፊሊፒን ስካውትስ በሚባለው ጦር ውስጥ ገባ። ይህ ጦር ወታደሮቹ የአገሩ ተወላጆች ሆነው በአሜሪካ ሠራዊት ሥር የተደራጀ፣ በሥርዓቱና በተኩስ ችሎታው የተመሰገነ ነበር። ለድኻ ገበሬ ልጅ ይህ ሥራ ደመወዝም ክብርም የሚገኝበት ነበር። ከዚህም ሌላ ሠራዊቱ ስፖርትን ይወድ ስለ ነበር፣ ጥሩ ሯጭ ወይም ጥሩ ዋናተኛ የተገኘ እንደ ሆነ ልምምድ የሚያደርግበትን ጊዜ አይነፍገውም ነበር። በ1924 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ለፊሊፒን የመጀመሪያ ተወዳዳሪ የሆነው ሯጩ ዳቪድ ኔፖሙሴኖም ከዚሁ ጦር የወጣ ነው።

እዚህ ላይ የኛው አንባቢ አበበ ቢቂላን ሳያስታውስ አይቀርም። አበበም ከገጠር መጥቶ በክቡር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ ወታደር ሆኖ ነው ችሎታው የተገለጸው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። ድኻ አገር ልጆቿን ለዓለም የምታሳይበት ሌላ በር ባልነበራት ጊዜ፣ የወታደር ሰፈር እንደ ትምህርት ቤት ሆኖ ማገልገሉን በሁለቱም አገር ታሪክ እናያለን።

በዚያ ዘመን የእስያ ምሥራቅ አገሮች፣ ማለትም ጃፓን፣ ቻይናና ፊሊፒን፣ የሩቅ ምሥራቅ ውድድር የሚባል የራሳቸው ጨዋታ ነበራቸው። በ1923 ዓ.ም. ጨዋታው በጃፓን በኦሳካ ከተማ ሲደረግ ኢልዴፎንሶ በደረት ዋና ተወዳድሮ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ስሙ እየታወቀ ሄደ፤ የአገሩም ሰዎች የኢሎኮስ ሻርክ እያሉ በባሕሩ አስፈሪ ዓሣ ስም ይጠሩት ጀመር።

የደረት ዋና ማለት ምን ማለት ነው?

የሰውዬውን ሥራ ለመረዳት የውድድሩን ዓይነት ማወቅ ይገባል። የደረት ዋና ከዋና ዓይነቶች ሁሉ አዝጋሚው ነው፤ ነገር ግን ሕጉ ከሌሎቹ የጠበቀ ነው። ዋናተኛው በደረቱ መተኛት አለበት። ሁለቱ እጆቹ እኩል፣ ሁለቱ እግሮቹም እኩል መንቀሳቀስ አለባቸው። የገንዳው ግድግዳ ላይ ሲደርስም በሁለት እጁ ባንድነት መንካት አለበት። አንዱን እጅ ከሌላው ያስቀደመ ከውድድር ይወጣል።

በ1920ዎቹ ዓመታት ግን ሕጉ አንድ ቀዳዳ ነበረው። ይኸውም ዋናተኛው በውኃ ውስጥ ጠልቆ መሄድ አይከለከልም ነበር። በውኃ ፊት ላይ የሚሄድ ሰው ሞገድ ያስነሣል፤ ያ ሞገድ ተመልሶ ይይዘዋል። ጠልቆ የሚሄድ ግን ከዚህ ያመልጣልና ይፈጥናል። ጉዳቱ ትንፋሽ ማጠሩ ነው። ስለዚህ ብዙዎች በመነሻና በየዙሩ መጀመሪያ ረዥም መንገድ በውኃ ውስጥ ይሄዱ ነበር። ኢልዴፎንሶ ግን ሰውነቱን ከፍ አድርጎ በውኃው ፊት ላይ መሄድን መረጠ። የፊሊፒን የስፖርት ጸሐፊዎች ዛሬ የሚታየውን የደረት ዋና ስልት አባት አድርገው የሚቈጥሩት ስለዚህ ነው። ዋናን በወንዝ ውስጥ ለተማረ ሰው፣ ፊቱን ከውኃው አውጥቶ ፊት ለፊቱን እያየ መሄድ የሚያስገርም አይደለም።

የአምስተርዳም ውድድር

በ1928 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ የኦሊምፒክ ጨዋታ ተደረገ። ኢልዴፎንሶም በመርከብ ብዙ ሳምንት ተጉዞ ከዚያ ደረሰ። የተወዳደረው በ200 ሜትር የደረት ዋና ነው፤ በዚያን ጊዜ በኦሊምፒክ የወንዶች የደረት ዋና ከዚህ ያጠረ ርቀት አልነበረም።

ያሸንፋል ተብሎ የተጠበቀው የጀርመኑ ኤሪክ ራደማኸር ነበር። ይህ ሰው የዓለሙን የጊዜ ሪኮርድ በእጁ የያዘ ነበር፤ ከዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመኖች በ1920 እና በ1924 ኦሊምፒክ ስላልተጠሩ የሚገባውን ክብር ለማግኘት ብዙ ዓመት ጠብቆ ነበር። ሁለተኛው ተፎካካሪ ከካጎሺማ የመጣው፣ በጃፓን ባሕር ኃይል ያገለገለው ዮሺዩኪ ጹሩታ ነበር። ፊሊፒናዊው ወታደር ከነዚህ ሁለት ሰዎች ጋር በአንድ ውኃ ውስጥ ገባ።

ጹሩታ በ2 ደቂቃ ከ48 ነጥብ 8 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ፤ ለጃፓንም በዋና የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘ። ራደማኸር በ2 ደቂቃ ከ50 ነጥብ 6 ሴኮንድ ሁለተኛ ሆነ። ኢልዴፎንሶ በ2 ደቂቃ ከ56 ነጥብ 4 ሴኮንድ ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳይ ተሸለመ። ከአንደኛው የ7 ሴኮንድ ከግማሽ ያህል ርቀት ነበረው፤ ይህም በዋና ጥቂት የሚባል አይደለም። ቢሆንም ይህ የነሐስ ሜዳይ ለፊሊፒን ሕዝብ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሽልማት ነበር። በጊሲት ወንዝ ልብሱን ከድንጋይ ላይ እያኖረ ይዋኝ የነበረ ልጅ፣ ገና ነፃ ያልወጣች የአገሩን ስም በኦሊምፒክ መዝገብ አጻፈ።

ሎስ አንጀለስ፣ የ1 ነጥብ 7 ሴኮንድ ነገር

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1932 ዓ.ም.፣ ጨዋታው በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ ሆነ። ኢልዴፎንሶ በዚያን ጊዜ 30 ዓመት ሊሆነው ተቃርቦ ነበር፤ ለዋናተኛ ይህ ዕድሜ እየገፋ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ተፎካካሪዎቹ ጃፓኖችም አዲስ ልጅ አምጥተው ነበር፤ እሱም የ16 ዓመቱ ሬይዞ ኮይኬ ነው።

ውድድሩ እጅግ የተቀራረበ ሆነ። ጹሩታ በ2 ደቂቃ ከ45 ነጥብ 4 ሴኮንድ ዳግመኛ ወርቁን ወሰደ። ኮይኬ በ2 ደቂቃ ከ46 ነጥብ 6 ሴኮንድ ሁለተኛ፣ ኢልዴፎንሶ በ2 ደቂቃ ከ47 ነጥብ 1 ሴኮንድ ሦስተኛ ሆኑ። አንባቢያችን ይህን ልብ ይበል። ሰውዬው ከአምስተርዳም ጊዜው ላይ ከ9 ሴኮንድ በላይ ቀንሷል። በአምስተርዳም ወርቅ ባስገኘው ጊዜ ቢለካ ኖሮ፣ የሎስ አንጀለሱ ዋናው አንደኛ ያስወጣው ነበር። ነገር ግን ሌሎቹም አልተኙምና፣ በ1 ነጥብ 7 ሴኮንድ ተበልጦ ያንኑ ነሐስ ተቀበለ። ሰው በራሱ ላይ ድል ሲያገኝ ሁልጊዜ በሌላው ላይ ድል አያገኝም። ይህን መራራ ነገር ኢልዴፎንሶ በሁለት ኦሊምፒክ መካከል ቀመሰው።

በዚያው ዓመት ሁለት የአገሩ ልጆች፣ ከፍታ ዘላዩ ሲሚዮን ቶሪቢዮና ቦክሰኛው ሆሴ ቪያኑዌቫ፣ እነሱም ነሐስ አግኝተዋል። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሰው ብቻ የሄደበት መንገድ ሦስት ሰው የሚሄድበት ሆነ ማለት ነው።

በርሊን

በ1936 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ኢልዴፎንሶ ሦስተኛውን ኦሊምፒክ ለመወዳደር በሂትለር ዘመን ወደ ነበረችው በርሊን ሄደ። ያ ወቅት ለኛ የኀዘን ወቅት ነበር። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነውና፣ በበርሊን ገንዳ ዳር ሕዝቡ ሲያጨበጭብ አርበኞቻችን በየዱሩ ደማቸውን ያፈሱ ነበር። በዚያ ጨዋታ ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ አገራችን በኦሊምፒክ መወዳደር የጀመረችው ከሃያ ዓመት በኋላ በሜልቦርን ነው።

ኢልዴፎንሶ በበርሊን እስከ መጨረሻው ዙር ደርሶ ሰባተኛ ወጣ። ወርቁን ጃፓናዊው ቴጹኦ ሃሙሮ፣ ብሩን ጀርመናዊው ኤርቪን ዚታስ፣ ነሐሱን ኮይኬ ወሰዱ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ወታደር ወጣቶቹ ሲቀድሙት አየ። ነገር ግን በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒክ ለመጨረሻው ውድድር መድረስ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ወደ ጦሩ ገባ።

ጦርነቱና ምርኮው

በታኅሣሥ ወር 1941 ዓ.ም. ጃፓን ፐርል ሃርበርን በመታችበት ሰሞን ፊሊፒንንም ወረረች። የአሜሪካና የፊሊፒን ጦር ወደ ባታን ልሳነ ምድር አፈግፍጎ ለብዙ ወር ተከላከለ። ኢልዴፎንሶም ከፊሊፒን ስካውትስ ጋር ሆኖ ተዋጋ። ስንቅ አለቀ፤ መድኃኒት አለቀ፤ ወባ በሠራዊቱ ውስጥ ገባ። ሚያዝያ 9 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በባታን የነበረው ጦር እጁን ሰጠ።

ከዚያ የሆነው ነገር በዓለም ታሪክ የባታን የሞት ጉዞ ተብሎ ይታወቃል። ከ60 ሺሕ በላይ የሚሆኑ ምርኮኞች በሐሩር ፀሐይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተነዱ። የደከመ ተወጋ፤ የወደቀ ተገደለ። በመንገድ ዳር ምንጭና ጉድጓድ ሲያዩ ጥሙ አሸንፏቸው ከሰልፉ የወጡ ብዙዎች በሳንጃ ተገደሉ። ከሳን ፈርናንዶ ከተማም በተዘጋ የባቡር ፉርጎ ታጭቀው ወደ ካፓስ ተወሰዱ፤ ከዚያ እንደገና በእግር ኦዶኔል ወደሚባለው የምርኮኞች ሰፈር ገቡ።

ኢልዴፎንሶ ይህን ጉዞ ተጉዞ በሕይወት ከሰፈሩ ደረሰ። ነገር ግን ሰፈሩ ከጉዞው የሚሻል አልነበረም። የውኃ ቧንቧው ጥቂት፣ ሰልፉ ረዥም ነበር፤ አንድ ኮዳ ውኃ ለመቅዳት ሰው ብዙ ሰዓት በፀሐይ ይቆም ነበር። ተቅማጥና ወባ በየቀኑ መቶዎችን ይጨርሱ ነበር። በዚያ ሰፈር ከ20 ሺሕ በላይ ፊሊፒናውያን እንደ ሞቱ ይገመታል። ከነዚያ አንዱ ቴኦፊሎ ኢልዴፎንሶ ነው። በሰኔ ወር 1942 ዓ.ም.፣ ገና 40 ዓመት ያህል ሳለ፣ በካፓስ ሞተ። ዕድሜውን ሁሉ በውኃ የተከበረ ሰው፣ ውኃ በተነፈገበት ስፍራ ዐረፈ።

እኛ ይህን ስንጽፍ ጃፓናዊውን ሁሉ ለመኰነን አይደለም። በአምስተርዳምና በሎስ አንጀለስ ከኢልዴፎንሶ ጋር በአንድ ውኃ የዋኙት ጹሩታና ኮይኬም ጃፓናውያን ናቸው፤ በዚያም የተሸናነፉት በሕግና በዳኛ ፊት ነበር። ጹሩታ ከጦርነቱ ተርፎ እስከ 1986 ዓ.ም. በሕይወት ኖሯል። የምናዝነው፣ በገንዳ ውስጥ በሴኮንድ የሚለካው ፉክክር ከአሥር ዓመት በኋላ በሬሳ የሚቈጠር መሆኑ ነው።

ከሞቱ በኋላ

ሰውዬው ከሞተ በኋላ የደረት ዋና ሕግ ብዙ ተለወጠ። በ1930ዎቹ አንዳንድ ዋናተኞች እጃቸውን ከውኃው በላይ እንደ ክንፍ መወርወር ጀመሩ፤ ይህም በኋላ የቢራቢሮ ዋና ተብሎ ተለይቶ፣ በ1956 ዓ.ም. በሜልቦርን ለብቻው የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። በዚያው በሜልቦርን ጃፓናዊው ማሳሩ ፉሩካዋ አብዛኛውን መንገድ በውኃ ውስጥ ሄዶ የ200 ሜትሩን ወርቅ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ባለ ሥልጣኖቹ ተሰብስበው፣ በውኃ ውስጥ ጠልቆ መሄድን አገዱ፤ የደረት ዋና በውኃ ፊት ላይ ይሁን ብለው ወሰኑ። ይኸውም የጊሲት ወንዝ ልጅ ከሠላሳ ዓመት በፊት የመረጠው መንገድ መሆኑ ነው።

ርቀቱም እያጠረ፣ ፍጥነቱም እየጨመረ ሄደ። የ100 ሜትር የደረት ዋና ኦሊምፒክ የገባው በ1968 ዓ.ም. በሜክሲኮ ነው፤ ያ ጨዋታ የኛው ማሞ ወልዴ ማራቶን ያሸነፈበት ነው። የዓለም የዋና ሻምፒዮና በ1973 ዓ.ም. በቤልግሬድ ተጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም. በጃፓን በፉኩኦካ ሲደረግ ደግሞ የ50 ሜትር የደረት ዋና ተጨመረበት። በ2019 ዓ.ም. በኮሪያ በጓንግጁ በተደረገው ሻምፒዮና እንግሊዛዊው አዳም ፒቲ 100 ሜትሩን በ56 ነጥብ 88 ሴኮንድ ዋኝቷል። ኢልዴፎንሶ በሎስ አንጀለስ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር የወሰደበት ጊዜ ከ83 ሴኮንድ በላይ ነበርና፣ ዓለም ምን ያህል እንደ ገሠገሠ ከዚህ ይታወቃል።

የክብሩ ነገር ግን ዘግይቶ መጣ። ጹሩታ በዓለም አቀፍ የዋና የክብር አዳራሽ ስሙ የተጻፈው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኢልዴፎንሶ ስም የገባው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ በሁለቱ መካከል 42 ዓመት አለ። በአገሩ ግን ለብዙ ጊዜ ሁለት የኦሊምፒክ ሜዳይ ያገኘ ፊሊፒናዊ እሱ ብቻ ሆኖ ኖረ። የክብደት አንሺዋ ሂዲሊን ዲያዝ በ2016 ዓ.ም. በሪዮ ብር፣ በ2021 ዓ.ም. በተደረገው በቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ እስክታገኝ ድረስ ከሱ የሚስተካከል አልነበረም። በካፓስ የምርኮኞቹ ሰፈር በነበረበት ስፍራም ዛሬ ለሞቱት ሁሉ ከፍ ያለ ሐውልት ቆሟል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው

ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ሦስተኛ መውጣት ውርደት አለመሆኑ ነው። ወርቅ ሳያገኝ ለአገሩ በር የከፈተ ሰው፣ በሩን አልፈው ለሚገቡት ሁሉ አባት ይባላል። ሁለተኛው፣ ችሎታ ከየት እንደሚነሣ አለመታወቁ ነው። ፒዲግ የምትባለውን ከተማ ከአገሯ ውጪ የሚያውቃት ጥቂት ነበር፤ የዓለሙን ምርጥ ዋናተኞች የተፎካከረው ሰው ግን ከዚያ ወጣ።

እኛም በሞርሲቶ፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሌሎቹም የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ላሉ ወላጆችና አስተማሪዎች የምናሳስበው ይህን ነው። ወንዝ የሚወርዱ ልጆች በየዓመቱ አሉ፤ ጎርፍ በሚያመጣው ክረምትም ከነሱ የማይመለሱ ይገኛሉ። ልጅን ከውኃ በቍጣ ብቻ መከልከል አይቻልም። ዋናን የሚያውቅ ታላቅ ሰው ከዳር ቆሞ ቢያስተምረው፣ ጥልቁን ከጥልቅ ያልሆነው ለይቶ ቢያሳየው፣ ብቻውን እንዳይገባ ቢያስለምደው፣ በመጀመሪያ ሕይወቱ ይተርፋል። ከተረፉት ልጆች መካከል ደግሞ አንዱ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ያ በወንዙ ዳር ያነጋገርነው ልጅ፣ ከማዶ ደርሶ ተመልሶ ሲወጣ፣ ፊቱ ከውኃው በላይ እንደ ነበረ ተመልክተናል። ልብሱን ለብሶ፣ በትሩን አንሥቶ፣ ከብቶቹን እየነዳ ወደ ቤቱ ሄደ። እኛም የኢልዴፎንሶን ስም ሳንነግረው በመቅረታችን ቈጭቶን፣ እነሆ ዛሬ ጻፍንለት።